ድንገተኛ ሞትና የአስከሬን ምርመራ፦ የማይታየው ገዳይ እንዴት ይታወቃል?

ነሐሴ 15 ቀን 1978 ዓ.ም ከምሽቱ 3 ሰዓት ገደማ ነበር። በሰሜን ምዕራብ ካሜሩን፣ በኒዮስ ሐይቅ ዙሪያ የሚኖሩ ገበሬዎችና ከብት አርቢዎች የቀን ሥራቸውን ጨርሰው ወደየቤታቸው ገብተዋል። ሲነጋ በኒዮስ፣ በቻና በሱቡም መንደሮችና በአካባቢያቸው 1 ሺህ 700 ያህል ሰዎችና 3 ሺህ 500 ያህል ከብቶች ሞተው ተገኙ። ቤቶቹ አልፈረሱም፤ የቤት ዕቃውም በቦታው ነበር። በአስከሬኖቹ ላይ ዝንብ እንኳ አላረፈም፤ ዝንቦቹም አብረው ሞተዋልና።

ሕይወታቸው የተረፈ ሰዎች ከብዙ ሰዓታት በኋላ ነቅተው ቤተሰባቸውን ከጎናቸው ሞቶ አገኙት። ወሬው ወዲያው ተዛመተ። ገሚሱ የጦር መሣሪያ ሙከራ ነው አለ፤ ገሚሱ ደግሞ ከሰው ኃይል በላይ የሆነ ቁጣ ነው አለ። በአንዳንዶቹ ሰውነት ላይ የቃጠሎ የሚመስል ቁስል መታየቱ ጥርጣሬውን አባባሰው።

እንዲህ ያለው እንቆቅልሽ በመጠኑ ይነስ እንጂ በየአገሩ ያጋጥማል። ማታ በጤና የተኛ ቤተሰብ ጠዋት በሩን ሳይከፍት ይቀራል። ውኃ ጉድጓድ የገባ ወጣት ድምፁ ይጠፋል፤ ሊያወጣው የገባውም አይመለስም። እውነተኛው ምክንያት ካልታወቀ ቦታውን ጥርጣሬ ይይዘዋል። «መርዘውት ነው»፣ «ዓይን ነው»፣ «ምቀኛ ነው» የሚለው ንግግር ጎረቤትን ከጎረቤት ያቃቅራል፤ አልፎም ደም ያቃባል። የፎረንሲክ ሕክምና የአስከሬን ምርመራ ሥራው ይህን የጥርጣሬ ቦታ በማስረጃ መሙላት ነው።

የኒዮስ አስከሬኖች ምን አሳዩ?

ከአደጋው በኋላ ከተለያዩ አገሮች የመጡ የመሬት ሳይንስ ተመራማሪዎችና የፎረንሲክ ሐኪሞች ወደ ስፍራው ሄዱ። አብዛኞቹ ሟቾች ፈጥነው በመቀበራቸው ሐኪሞቹ ሊመረምሩ የቻሉት አስከሬን ጥቂት ነበር። ያም ሆኖ የተገኘው መረጃ አቅጣጫ ጠቋሚ ሆነ። የፍንዳታ ጉዳት አልታየም። የታወቁ መርዛማ ጋዞች የሚተዉት ምልክትም አልተገኘም። የታየው ነገር ሰው አየር አጥሮት ታፍኖ ሲሞት ከሚታየው ጋር የሚስማማ ነበር። ቁስሎቹም ቢሆኑ የእሳት ወይም የአሲድ ውጤቶች ሳይሆኑ ራስን ስቶ በአንድ ጎን ለረጅም ሰዓት ከመቆየት ጋር የተያያዙ እንደሆኑ ባለሙያዎቹ ደመደሙ።

ይህ ከሐይቁ ውኃ ምርመራ ጋር ሲገናኝ ምስጢሩ ተፈታ። ኒዮስ በእሳተ ገሞራ ጉድጓድ ውስጥ የተፈጠረ ሐይቅ ነው። ከመሬት ውስጥ የሚወጣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ የተባለ ጋዝ በጥልቁ ውኃ ውስጥ ለረጅም ዘመን እየተጠራቀመ ቆይቶ፣ በዚያች ምሽት በአንድ ጊዜ ገንፍሎ ወጣ። ይህ ጋዝ ከአየር አንድ ጊዜ ተኩል ያህል ስለሚከብድ ወደ ላይ አልተበተነም፤ እንደ ጎርፍ ሸለቆ ሸለቆውን ይዞ ከ20 ኪሎ ሜትር በላይ ተጓዘ። ከፍ ባለ ቦታ የነበሩ ሲተርፉ በዝቅተኛው ስፍራ የነበሩት አለቁ።

ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ፣ በዚያው በካሜሩን፣ በሞኑን ሐይቅ 37 ሰዎች በተመሳሳይ መንገድ ሞተው ነበር። መንስኤው ከተረጋገጠ በኋላ ግን መፍትሔ ተገኘ። ከ1993 ዓ.ም ጀምሮ በኒዮስ ሐይቅ ውስጥ እስከ ጥልቁ የሚወርድ ቧንቧ ተተክሎ ጋዙ ጥቂት በጥቂት እንዲወጣ ተደርጓል።

ምርመራው እንዴት ይካሄዳል?

የአስከሬን ምርመራ የሚጀምረው ሟቹ ከተገኘበት ቦታ ነው። በሩ ከውስጥ ተቆልፎ ነበር ወይ? በክፍሉ ውስጥ የከሰል ማንደጃ አለ? የመድኃኒት ዕቃ፣ ትውከት፣ ገመድ ወይም የተቆረጠ የኤሌክትሪክ ሽቦ ይታያል? ድመቱ ወይም ዶሮው አብሮ ሞቷል? በኒዮስ እንደታየው ካርቦን ዳይኦክሳይድ በሰውነት ውስጥ የራሱ የሆነ ግልጽ ምልክት እምብዛም አይተውም። ስለሆነም የቦታው መረጃ ከጎደለ ሐኪሙ ብቻውን እርግጠኛ ውጤት ላይ ለመድረስ ይቸገራል።

ቀጥሎ የውጭ አካል ምርመራ ይደረጋል። ልብ ሥራዋን ስታቆም ደም በስበት ኃይል ወደ ታችኛው የሰውነት ክፍል ይወርዳል፤ በዚያ በኩል ያለው ቆዳም ብዙውን ጊዜ ወይን ጠጅ መልክ ይይዛል። አስከሬኑ በጀርባው ተኝቶ ተገኝቶ መልኩ የተለወጠው ግን በደረቱ በኩል ከሆነ፣ ከሞት በኋላ ሰው አንቀሳቅሶታል ማለት ነው። የሰውነት መድረቅና መቀዝቀዝ ሞቱ የደረሰበትን ሰዓት ለመገመት ይረዳሉ፤ ሆኖም የአካባቢው ሙቀትና ቅዝቃዜ ግምቱን ስለሚያዛባ ሰዓቱ በደቂቃ ልክ አይታወቅም።

በአንገት ላይ ያለ የገመድ ምልክትም ይጠናል። በስቅላት ጊዜ ምልክቱ አብዛኛውን ጊዜ ሰያፍ ሆኖ ወደ ላይ ይወጣል፤ በሌላ ሰው እጅ በገመድ በታነቀ ሰው ላይ ግን አንገቱን ዙሪያውን አግድም ይከብባል። በዓይን ሽፋን ውስጥ የሚታዩ የመርፌ ጫፍ የሚያክሉ የደም ነጥቦችም የመታፈን ፍንጭ ሊሆኑ ይችላሉ።

ከዚያ የውስጥ አካል ምርመራ ይከተላል። ጭንቅላት፣ ደረትና ሆድ ተከፍተው አንጎል፣ ልብ፣ ሳንባ፣ ጉበትና ኩላሊት ይታያሉ፤ ይመዘናሉ። ድንገተኛ ሞት ሁሉ ወንጀል አይደለምና በዚህ ደረጃ የተዘጋ የልብ ደም ሥር ወይም በአንጎል ውስጥ የፈሰሰ ደም ተገኝቶ ጥርጣሬው ሊያበቃ ይችላል። በተቃጠለ ቤት ውስጥ በተገኘ ሰው የመተንፈሻ ቧንቧ ውስጥ ጥላሸት ካለ፣ እሳቱ ሲነሳ ሰውዬው በሕይወት ነበር ማለት ነው። ጥላሸት ከሌለ ደግሞ መርማሪው ሰውዬው አስቀድሞ ሞቶ እንዳይሆን ይጠይቃል።

በመጨረሻም ከደም፣ ከሽንት፣ ከጨጓራ፣ ከጉበትና ከዓይን ፈሳሽ ናሙና ተወስዶ ወደ ላቦራቶሪ ይላካል። የሞት መንስኤና የሞት ሁኔታ የተለያዩ መሆናቸውም መታወቅ አለበት። ለምሳሌ መንስኤው መታፈን ሊሆን ይችላል፤ ሁኔታው ግን አደጋ፣ ራስን ማጥፋት ወይም ግድያ ሊሆን ይችላል። ማስረጃው በቂ ካልሆነ «ያልተወሰነ» ተብሎ ይመዘገባል። ምርመራው ሲያበቃ አስከሬኑ ተሰፍቶ ለቤተሰቡ ስለሚመለስ በወጉ ተገንዞ ለመቀበር እንቅፋት የለውም።

ለአርሶ አደሩ ነገሩ እንግዳ አይደለም። ከብት በድንገት ሲሞት የእንስሳት ሐኪም ከፍቶ መንስኤውን ይፈልጋል። ደሙ ሳይረጋ በአፍ፣ በአፍንጫና በፊንጢጣ ከወጣና አባ ሰንጋ ከተጠረጠረ ግን በድኑ ፈጽሞ አይከፈትም፤ ሲከፈት ተህዋሲው መሬቱን በክሎ ለዓመታት ይቆያልና። በዚህ ጊዜ ለምርመራ የሚበቃው ከጆሮ የሚወሰድ ጥቂት ደም ነው። መቼ እንደሚከፈትና መቼ እንደማይከፈት የሚወስነው በሁለቱም ዘንድ ባለሙያ ነው።

በቤት ውስጥ ያሉ ሦስት ገዳዮች

የመጀመሪያው የከሰል ጋዝ ነው። ከሰል ሲቀላ ጭስ ስለማይታይበት ብዙዎች ደህና ይመስላቸዋል። ነገር ግን በዚያን ጊዜም ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለውን ሽታም መልክም የሌለው ጋዝ ያወጣል። ጋዙ በደም ውስጥ ካለው ሄሞግሎቢን ጋር የሚጣበቀው ከኦክስጅን ከ200 እጥፍ በላይ በሆነ ኃይል ነው። ሰውዬው ራስ ምታትና ድካም ተሰምቶት ይተኛል፤ አይነቃም። በእንዲህ ያለ ሟች ላይ ቆዳው እንደ ወትሮው ወይን ጠጅ ሳይሆን ደማቅ ቀይ ሆኖ ይታያል። ብርድና ሳያናይድ የተባለ መርዝም ተቀራራቢ ቀለም ስለሚያመጡ ማረጋገጫው የደም ምርመራ ነው፤ ከሄሞግሎቢኑ ግማሽ ያህሉ በጋዙ ተይዞ ከተገኘ መንስኤው እምብዛም አያጠራጥርም። «እራት ላይ ተመረዙ» ተብሎ የተጠረጠረ ሰው በዚህ አንድ የደም ናሙና ነጻ ሊወጣ ይችላል።

ሁለተኛው የነቀዝ ክኒን ነው። አሉሚኒየም ፎስፋይድ የተባለው ይህ ኬሚካል ከእርጥበት ጋር ሲገናኝ ፎስፊን የተባለ ጋዝ ያመነጫል። ጋዙ ነቀዝን እንደሚገድል ሁሉ ሰውንም ይገድላል። እህሉ በመኝታ ክፍል ውስጥ ወይም ከመኝታው ጋር በሚያያዝ ጎተራ ተቀምጦ ክኒኑ ሲጨመርበት ጋዙ ተኝተው ያሉ ሰዎች ዘንድ ይደርሳል፤ ሕፃናት ቀድመው ይጎዳሉ። ትውከት፣ የሆድ ቁርጠትና የትንፋሽ ማጠር ስለሚያስከትል በምግብ መመረዝ ወይም በሌላ በሽታ ሊሳሳት ይችላል። ማርከሻ መድኃኒት የለውም። መርማሪው ነጭ ሽንኩርት ወይም የበሰበሰ ዓሣ የሚመስል ሽታ ሲያገኝ ወደዚህ ጋዝ ያመለክተዋል፤ የላቦራቶሪ ምርመራም ይረዳዋል። ሆኖም ጋዙ ቶሎ ስለሚበተን በቤቱ ውስጥ የተገኘው የክኒን ቆርቆሮ ከሁሉ የሚበልጥ ማስረጃ ሊሆን ይችላል።

ሦስተኛው የኒዮስ ሐይቅ ገዳይ ነው። በሐረርጌ እንደሚደረገው ማሽላ በጉድጓድ ሲቀመጥ እህሉ ይተነፍሳል፤ ኦክስጅኑን ጨርሶ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይተካበታል። ጋዙ ከባድ ስለሆነ ጉድጓዱ ስለተከፈተ ብቻ ወዲያው አይወጣም። በጥልቅ የውኃ ጉድጓድና በመጸዳጃ ጉድጓድም ተመሳሳይ አደጋ አለ፤ በውኃ ጉድጓድ ውስጥ የሞተር ፓምፕ ሲሠራ ደግሞ ካርቦን ሞኖክሳይድ ይጨመራል። በአንድ ጉድጓድ ሁለትና ሦስት ሰው ተከታትሎ የሚሞተው የመጀመሪያውን ለማዳን የሚገባው ያንኑ አየር ስለሚተነፍስ ነው። የሚወርድ መብራት ከጠፋ በቂ ኦክስጅን የለም፤ ነገር ግን መብራቱ አለመጥፋቱ ብቻውን ጉድጓዱ ደህና ለመሆኑ ዋስትና አይሆንም።

ቤተሰብና ጎረቤት ምን ያድርጉ?

በኢትዮጵያ የአስከሬን ምርመራ ለረጅም ዘመን በአዲስ አበባ ዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል ሲካሄድ ቆይቷል፤ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሊኒየም ሕክምና ኮሌጅም የፎረንሲክ ሕክምና ትምህርትና አገልግሎት ይሰጣል። ከገጠር አስከሬን ይዞ መጓዝ ለቤተሰብ ድካምም ወጪም አለው። ቀብር በዕለቱ መፈጸሙም በክርስቲያኑም በሙስሊሙም ዘንድ የተከበረ ልማድ ነው። ስለሆነም ድንገተኛ ሞት ሲያጋጥም የመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ወሳኝ ናቸው።

በተዘጋ ክፍል ውስጥ ሰዎች ወድቀው ከተገኙ በቅድሚያ በርና መስኮት ይከፈት፤ በሕይወት ያለ ካለ በፍጥነት ወደ ንጹሕ አየር ይውጣ፤ ወደ ጤና ተቋምም ይወሰድ። ጉድጓድ ውስጥ የወደቀን ሰው ለማውጣት ያለ መከላከያ መግባት አይገባም። ሞቱ ከተረጋገጠ ግን አስከሬኑን ሳያጥቡና ልብሱን ሳይለውጡ ለፖሊስ ማሳወቅ ያስፈልጋል። ማንደጃውን፣ የምግቡን ትራፊ፣ ትውከቱን፣ የክኒኑን ዕቃ ወይም ገመዱን ማንሳትና መጣል ማስረጃ ማጥፋት ነው። የዕድር ዳኞችና የሃይማኖት አባቶች ለቅሶው ከመጀመሩ በፊት ይህን ለቤተሰቡ ቢያስረዱ ከሁሉ ይልቅ ይደመጣሉ።

ቀብሩ ከተፈጸመ በኋላም ሁሉም ነገር ጠፍቷል ማለት አይደለም። አርሴኒክን የመሳሰሉ መርዞች በፀጉርና በአጥንት ውስጥ ለረጅም ጊዜ ይቆያሉ። በ1980ዎቹ አጋማሽ የአርጀንቲና የፎረንሲክ አንትሮፖሎጂ ባለሙያዎች በአዲስ አበባ ኮተቤ ከጅምላ መቃብር ያወጡት አጽም፣ በደርግ ዘመን የተገደሉት ሰዎች በናይሎን ገመድ መታነቃቸውን አሳይቷል፤ ገመዱ አንገታቸው ላይ እንዳለ ነበርና። ጋዝና ብዙዎቹ የፀረ ተባይ መርዞች ግን ይህን ያህል አይታገሡም። በቀብር የዘገየ ጥያቄ ያለ መልስ ሊቀር ይችላል፤ በዚያው ቤት ያለው ማንደጃ ወይም የነቀዝ ክኒን ግን ለቀሩት የቤተሰቡ አባላት አደጋነቱ ይቀጥላል።