ደሴ የተባለችው ሰርጓጅ መርከብና የራዲዮ ምስጢር

የደሴ ከተማ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ያህል ከፍ ብላ በጦሳ ተራራ ሥር የተቀመጠች ናት። ከቀይ ባሕር የሚለያት የአፋር በረሃ ነው፤ ከሜዲትራኒያንማ ጋር የሚያገናኛት ነገር ያለ አይመስልም። ይሁን እንጂ ከአልጀርያ ጠረፍ ወዲያ፣ በሜዲትራኒያን ባሕር ወለል ላይ የተጋደመ አንድ የብረት ቀፎ በዚችው በወሎ ከተማ ስም ይጠራል። ይህ ቀፎ የኢጣልያ ባሕር ኃይል «ደሴ» ብሎ የሰየማት ሰርጓጅ መርከብ ነው። ስሙ እንዴት ከዚያ እንደ ደረሰ ማስረዳት ቀላል ነው። የዚህ ጽሑፍ ዋና ጉዳይ ግን ከስሙ ይልቅ ራዲዮ ነው፤ ምክንያቱም ከተማዪቱንም መርከቢቱንም በአንድ ታሪክ ውስጥ የሚያገናኛቸው በዚያ ዘመን ጦርነት የራዲዮ ንግግር የነበረው ዋጋና ያስከፈለው ዕዳ ነው።

የፋሺስት ጦር ደሴን የያዘው ሚያዝያ 7 ቀን 1928 ዓ.ም. ነበር። ከጥቂት ወራት በኋላ፣ በ1929 ዓ.ም. መጀመሪያ፣ በታራንቶ ወደብ በሚገኘው በቶዚ የመርከብ መሥሪያ ቦታ አንዲት አዲስ ሰርጓጅ መርከብ በከተማዪቱ ስም ተሰይማ ወደ ውሃ ወረደች። የዚህ ዓይነት መርከቦች በጠቅላላው 17 ሲሆኑ ርዝመታቸው 60 ሜትር ያህል፣ የቶርፔዶ መተኮሻ አፋቸውም ስድስት ነበር። ስሞቻቸው ሲነበቡ የኢትዮጵያን ካርታ የሚያነቡ ያስመስላል፤ ዓድዋ፣ አክሱም፣ ጎንደር፣ ሽሬ፣ ተምቤን፣ አሸንጌ፣ መቀሌ፣ ነገሌ፣ አላጌ፣ ዋቢ ሸበሌ እያለ ይቀጥላል። ስያሜውን ያወጡት ሰዎች የድል መታሰቢያ ማቆማቸው ነበር። ሆኖም ዓድዋና አላጌ በ1888 ዓ.ም. ለማን የድል ስም እንደ ነበሩ የረሱት ይመስላል፤ ወይም ያ ትዝታ እንዲፋቅ ፈልገዋል። ከ17ቱ መርከቦች መካከል ከዓለም ጦርነቱ የተረፈችው አንዲት ብቻ ስትሆን፣ እርሷም አላጌ የተባለችው ናት።

ሰርጓጅ መርከብን ከሌላው የጦር መሣሪያ ሁሉ የሚለያት ኃይሏም ድካሟም ከአንድ ምንጭ መነሣቱ ነው። ውሃ ይሰውራታል፤ ውሃው ግን ከሚሰማትና ከምትሰማው ሁሉ ይለያታል። የባሕር ውሃ ጨው ያለበት በመሆኑ ኤሌክትሪክን በደንብ ያስተላልፋል፤ ኤሌክትሪክን የሚያስተላልፍ ነገር ደግሞ የራዲዮን ሞገድ ይውጣል። ስሌቱን ለሞያ ባልደረቦች በዝርዝር ማስፈር አያስፈልግም፤ ውጤቱን መጥቀስ ይበቃል። የሞገዱ ኃይል ወደ አንድ ሦስተኛ ገደማ የሚወርድበት ጥልቀት በ10 ሜጋኸርትዝ ስምንት ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው። በ20 ኪሎኸርትዝ ሁለት ሜትር አይሞላም። በ76 ኸርትዝ ግን ወደ 29 ሜትር ይደርሳል። አሜሪካኖች ከጊዜ በኋላ በዚሁ በ76 ኸርትዝ የሚሠራ ጣቢያ በዊስኮንሲንና በሚሺጋን አቁመው እስከ 2004 (እ.ኤ.አ.) ድረስ ተገልግለውበታል። የዚህ ሞገድ ርዝመት ወደ 4,000 ኪሎ ሜትር ስለሚጠጋ አንቴናው በብዙ ኪሎ ሜትር የተዘረጋ ሽቦ ነበር። እንዲህ ያለውን አንቴና መርከብ ልትሸከመው እንደማትችል ግልጽ ነው። ስለዚህ በጥልቅ ውሃ ውስጥ ያለች መርከብ ታዳምጣለች እንጂ አትመልስም።

ጀርመኖች በ1943 (እ.ኤ.አ.) በካልበ ከተማ አጠገብ «ጎልያድ» የተባለውን ኃይለኛ የረጅም ሞገድ ማሠራጫ ሥራ ያስጀመሩት ይህንኑ ችግር ለመወጣት ነበር። መርከቦቻቸው ጥቂት ሜትር ጠልቀው ሳሉ ትእዛዝ ይሰሙ ጀመር። መልስ መስጠት ሲፈልጉ ግን ወደ ላይ ወጥተው፣ አንቴናቸውን አንሥተው፣ በአጭር ሞገድ መናገር ግዴታቸው ነበር። አድሚራል ዶኒትስ መርከቦቹን እንደ ተኩላ መንጋ በአንድነት ያዘምት የነበረው በዚህ ዓይነት የራዲዮ ንግግር ነው። አንዲቱ የጠላትን የንግድ መርከቦች ጉዞ ታያለች፤ ወደ ጦር ሰፈሩ ታስታውቃለች፤ ሌሎቹ ይጠራሉ፤ መንጋውም ይሰበሰባል። ዘዴው የተመሠረተው በንግግር ላይ ስለ ነበር ጥፋቱም የመጣው በንግግር በኩል ነው። እንግሊዞች በመርከቦቻቸው ላይ የተከሉት የአቅጣጫ መፈለጊያ መሣሪያ ጥቂት ሴኮንድ ብቻ የቆየን መልእክት ምንጭ ለመጠቆም በቃ። የኤኒግማ የምስጢር መኪና የደበቀውንም ጽሑፍ በብሌችሊ ፓርክ የተሰበሰቡ ሊቃውንት ይፈቱት ጀመር። በግንቦት ወር 1943 (እ.ኤ.አ.) ብቻ ጀርመኖች 41 ሰርጓጅ መርከቦች አጡ።

በዛሬው ዘመን በኮምፒዩተር የሚጫወቱ ወጣቶች ይህን ታሪክ በጨዋታ መልክ ያውቁታል። በሰርጓጅ መርከብ ምሳሌ በተሠሩት ጨዋታዎች ብዙ ሰዎች በየቤታቸው ተቀምጠው አንዱ አዛዥ፣ አንዱ መሪ ያዥ፣ አንዱ የራዲዮ ሠራተኛ በመሆን በአንድ መርከብ ውስጥ ያሉ ያህል ይሠራሉ፤ መርከብ ከመርከብም ይነጋገራል። ነገር ግን ተጫዋቾቹ በጆሮ ማዳመጫቸው እንደ ልባቸው የሚያወሩ ከሆነ ጨዋታው ዋናውን ነገር ያጣል፤ የዝምታው ጭንቀት ይቀራልና። ራዲዮ ከውሃ በታች እንዳይሠራ፣ የተናገረም ያለበት ስፍራ ለጠላት እንዲገለጥ ተደርጎ የተሠራ ጨዋታ ግን ከብዙ መጽሐፍ ይልቅ ያስተምራል። ተጫዋቹ መናገር ወይም መሰወር ከሚሉት ሁለት ነገሮች አንዱን ብቻ መምረጥ ይገደዳል።

ይህ ምርጫ ለደሴ ከተማ ጨዋታ አልነበረም። ንጉሠ ነገሥቱ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ኅዳር 20 ቀን 1928 ዓ.ም. ደሴ ገብተው የጦር ሰፈራቸውን በዚያ አደረጉ። በስድስተኛው ቀን፣ ኅዳር 26፣ የጠላት አውሮፕላኖች ከተማዪቱን በቦምብ ደበደቡ፤ የአሜሪካኖች የሚስዮን ሆስፒታል እንኳ አልተረፈም፤ ንጉሠ ነገሥቱም ራሳቸው በፀረ አውሮፕላን መድፍ ሲተኩሱ ታዩ። ከደሴ ወደ ሰሜን የተሰለፈው ሠራዊት የሚገናኘው በመልእክተኛ፣ በጥቂት የስልክ ሽቦና በጣት በሚቆጠሩ የራዲዮ መሣሪያዎች ነበር። ወደ አዲስ አበባ የሚያደርሰው ዋናው የራዲዮ ጣቢያ በአቃቂ የቆመው ሲሆን፣ የተመረቀው ጦርነቱ ሊጀመር ጥቂት ወራት ሲቀሩት በ1927 ዓ.ም. ነው። ይህን ጣቢያ የሠራው የኢጣልያው የአንሳልዶ ኩባንያ መሆኑን ልብ ይሏል። ውል ውል ነውና ኩባንያው ሥራውን ፈጽሞ አስረክቧል፤ ነገር ግን አንድ መሐንዲስ ይህን ሲያነብ መገረሙ አይቀርም።

ከራዲዮው ማነስ የከፋው ራዲዮው የሚናገረውን ጠላት መስማቱ ነው። ኢጣልያኖች የኢትዮጵያን የሽቦ አልባ መልእክቶች ጠልፈው ያነቡ ነበር። በመጋቢት ወር 1928 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ በማይጨው ፊት ለፊት ሳሉ ወደ እቴጌ መነን የላኩት፣ በጠላት ምሽግ ላይ ለመዝመት መቁረጣቸውን የሚገልጽና ጸሎት እንዲደረግ የሚያሳስብ መልእክት በጠላት እጅ ገባ። ማርሻል ባዶልዮ በኋላ ስለ ጦርነቱ በጻፈው መጽሐፍ ይህንኑ ገልጾታል። ጥቃቱ መጋቢት 22 ቀን ሲጀመር ምሽጉ ተዘጋጅቶ ይጠብቅ ነበር። የዚያን ቀን የተዋጉት ሰዎች ጀግንነት በሰፊው ተጽፏል። ስለ ራዲዮ ሠራተኞቹ ግን የተጻፈው ጥቂት ነው። መሣሪያውን የሚያውቁት በተማሩት መጠን ነበር፤ በሰማይ ላይ የተለቀቀ ሞገድ ወዳጅና ጠላት ሳይለይ ለሁሉ እንደሚደርስ ቢያውቁም እንኳ፣ አዛዡ ከዋና ከተማው ጋር ሳይነጋገር ጦር መምራት የሚችልበት ሌላ መንገድ አልነበራቸውም። መሰወርን ቢመርጡ መገናኘት ይቀር ነበር።

ያው ዕዳ ከአራት ዓመት በኋላ በራሳቸው በኢጣልያኖች ላይ ደረሰ። በ1932 ዓ.ም. ኢጣልያ ወደ ዓለም ጦርነቱ ስትገባ በምጽዋ ስምንት ሰርጓጅ መርከቦች ነበሯት። ከእነርሱ አንዷ፣ መቀሌ የተባለችው፣ ገና በመጀመሪያው ሳምንት ከአየር ማቀዝቀዣዋ ያፈተለከ መርዘኛ ጋዝ ሠራተኞቹን አሳብዶ በሱዳን ጠረፍ አጠገብ በድንጋያማ ደሴት ላይ ተወረወረች። የተረፉት ሰዎች ትንሽ ጀልባ ወደ ባሕር ዳርቻ ልከው ካስታወቁ በኋላ ሌላ ሰርጓጅ መርከብ መጥታ አወጣቻቸው። ጋሊሊዮ ጋሊሌይ የተባለችው ደግሞ በኤደን አጠገብ ሙንስቶን በተባለች አነስተኛ የእንግሊዝ የታጠቀች መርከብ ተማረከች። በውስጧ የተገኙት ወረቀቶችም የጓደኞቿን ስፍራ አጋለጡ። ጋልቫኒና ቶሪቼሊ በጥቂት ቀናት ውስጥ ጠፉ። በዚያው ወር በሜዲትራኒያን ዋቢ ሸበሌ ስትያዝ ሰነዶቿ በእንግሊዞች እጅ ገቡ። የምስጢር መጽሐፍ ከጠፋ ዝምታም አያድንም።

በምጽዋ የቀሩት አራቱ መርከቦች በ1933 ዓ.ም. የካቲት ከወደቡ መውደቅ ቀደም ብለው ወጥተው አፍሪካን ዞረው ፈረንሳይ ቦርዶ ገቡ። በደቡብ አትላንቲክ ነዳጅ ከሰጧቸው የጀርመን መርከቦች ጋር የተገናኙት አስቀድሞ በተወሰነ ስፍራ ነው። ያን ያህል ጉዞ አድርጎ መድረስ ብዙ ያልተወራለት የባሕር ሙያ ነው።

ደሴ የተባለችው መርከብ ግን የሜዲትራኒያን ነዋሪ ነበረች። የእርሷ ዓይነት መርከቦች አልፎ አልፎ ብርቱ ነገር ሠርተዋል። ነሐሴ 6 ቀን 1934 ዓ.ም. አክሱም የተባለችው በአንድ ጊዜ በለቀቀቻቸው አራት ቶርፔዶዎች ናይጄሪያና ካይሮ የተባሉትን የእንግሊዝ የጦር መርከቦችና ኦሃዮ የተባለውን የነዳጅ መርከብ መታች። ይህን ያህል ውጤት ግን የተለመደ አልነበረም። የሚበዙት አድፍጠው እየጠበቁ፣ በሌሊት ወጥተው ባትሪ እየሞሉና አጭር መልእክት እየላኩ ተመልሰው የሚጠልቁ ነበሩ።

ደሴ ከተማ በዚህ መካከል ነፃ ወጥታለች። በ1933 ዓ.ም. ሚያዝያ የደቡብ አፍሪካ ብርጌድና አርበኞች በኮምቦልቻ በኩል ባለው ገደልና ተራራ ለብዙ ቀናት ተዋግተው ሚያዝያ 18 ቀን ከተማዪቱን ያዙ። ስሟን የተሸከመችው መርከብ ግን ከዚያ በኋላ 19 ወር ያህል በባሕር ላይ ቆየች፤ አገሩ የጠፋበት ማዕረግ ይዛ ትዋጋ ነበር ማለት ይቻላል። ኅዳር 19 ቀን 1935 ዓ.ም. ከአልጀርያ ጠረፍ ወዲያ ኩዌንቲን የተባለችው የእንግሊዝና ኩይበሮን የተባለችው የአውስትራልያ አጥፊ መርከቦች አገኟት። ጠልቆ የሚፈነዳ ቦምብ እያከታተሉ ጣሉባት። ከመርከበኞቿ የተረፈ የለም። በአራተኛው ቀን ኩዌንቲን ራሷ በአውሮፕላን ተመትታ ሰጠመች።