ማብቂያ የሌለው ሩጫ፤ ከባሮ ወደብ እስከ እጅ ስልክ

የጋምቤላ ከተማ ታሪክ ከንግድ ታሪክ ተለይቶ የሚነገር አይደለም። ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ በግንቦት ወር 1902 ከእንግሊዝ መንግሥት ጋር በተዋዋሉት ውል መሠረት (በዚህ ጽሑፍ ዓመቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው) በባሮ ወንዝ ዳር የንግድ ጣቢያ የሚሆን መሬት ለሱዳን አስተዳደር ተፈቀደ። ከዚያ ወዲህ በየክረምቱ ወንዙ በሞላ ጊዜ መርከቦች ከካርቱም እየመጡ ጨውና የጥጥ ጨርቅ ያራግፉ፣ ቡና፣ ሰምና ቆዳ ጭነው ይመለሱ ነበር። ጣቢያው ሱዳን ነጻነቷን ባገኘችበት በ1956 ለኢትዮጵያ ተመለሰ። በዚያ ንግድ ልብ ሊባል የሚገባው፣ ጨርቁ ተሠርቶ ያለቀ ሆኖ ሲመጣ ቡናውና ቆዳው ግን እንደ ተፈጥሮው መሄዱ ነው።

ዛሬ መርከቡ የለም። ዳሩ ግን በዚያው ወንዝ ዳር የሚቀመጠው ወጣት በእጁ የያዘው ስልክ እንደ ጥንቱ ተሠርቶ ያለቀ ነገር ያቀርብለታል። ከዚህም አንዱ ማብቂያ የሌለው የሩጫ ጨዋታ ነው። በዚህ ጨዋታ ድል ማድረግ የሚባል ነገር የለም፤ ሯጩ እስኪወድቅ ድረስ ይሮጣል፣ የሚቈጠረውም ርቀቱ ብቻ ነው።

የጨዋታውን ዓይነት በዓለም ያስታወቀው በ2009 የወጣው ካናባልት ነው። አዳም ሳልትስማን የተባለ አሜሪካዊ በጥቂት ቀናት የሠራው ሲሆን፣ ተጫዋቹ በአንድ ጣት ከመዝለል በቀር ሌላ ሥራ የለውም። በ2011 ኢማንጊ የተባለው፣ ባልና ሚስት ያቋቋሙት ትንሽ ድርጅት ቴምፕል ረንን አወጣ። በ2012 ደግሞ ከዴንማርክ ሰብዌይ ሰርፈርስ መጣ። በ2014 ጉግል ኢንተርኔት ሲቋረጥ ብቅ የምትል ሯጭ ዳይኖሰር ጨመረ፤ መስመር በሚጠፋበት አገር ይህችን እንስሳ የማያውቅ ተማሪ ያለ አይመስለኝም።

አሠራሩ ግን ከሚታየው ይልቅ ረቂቅ ነው። ሯጩ በአብዛኛው ከቦታው አይንቀሳቀስም፤ የሚንቀሳቀሰው መሬቱ ነው። ሠሪው መንገዱን በሙሉ አይሠራም፤ ጥቂት ቍራጮችን አዘጋጅቶ ኮምፒዩተሩ በዕጣ እያወጣ እንዲቀጣጥላቸው ያደርጋል። ከሯጩ ኋላ የቀረው ቍራጭ እንደገና ከፊት ይነጠፋል እንጂ አይጣልም፤ ስለዚህ የትንሽ ስልክ ጕልበት እንኳ ይበቃዋል። ዕጣውም ልጓም አለው፤ ማንም ሊያልፈው የማይችል መሰናክል እንዳይወጣ በሕግ ይታሰራል። ፍጥነቱ ቀስ በቀስ ስለሚጨምር በመጨረሻ የሚሸነፈው የሰው ዐይንና ጣት ነው።

በአገራችን ቅኔ ጌምስ የተባለው የአዲስ አበባ ድርጅት በ2018 ኩኩሉን ለሕዝብ አቀረበ። መሥራቹ ዳዊት አብርሃም ነው። ሯጯ ከአሳዳጇ የምታመልጥ ዶሮ ናት፤ ስሙም የዶሮ ጩኸት፣ ደግሞም ሕፃናት በድብብቆሽ የሚጠሩት ቃል ነው። ድርጅቱ የገበታን ጨዋታም ወደ ስልክ አምጥቷል። በእኔ አስተያየት የኩኩሉ ዋጋ በዶሮዋ ላይ ብቻ የሚቆም አይደለም፤ የምትሮጥበትን መሬት ቀርጸው ያነጠፉት የአገሩ ልጆች መሆናቸው ይበልጣል። የቴምፕል ረን ተጫዋች የሚያየው ሌላ ሰው ያሰበውን ፍርስራሽ ነው።

ጋምቤላ ደግሞ የራሱ ሯጭ አለው። ነጭ ጆሮ ቆርኬ የሚባለው የዱር እንስሳ በየዓመቱ መንጋ በመንጋ ሆኖ በደቡብ ሱዳኑ ቦማና በጋምቤላ ሜዳ መካከል ይመላለሳል፤ ይህም በአፍሪካ ከታላላቆቹ የእንስሳት ጉዞዎች አንዱ ነው። ረግረጉ፣ ረጅሙ ሣር፣ የሞላው ባሮ፣ ሁሉም ለቍራጭ መሬትነት የተመቸ ነው። ሰብዌይ ሰርፈርስ የተሠራበት ዩኒቲ የተባለው መሣሪያ ለጀማሪ ያለ ክፍያ ይገኛል። ካናባልትን የሠራውም አንድ ሰው ነበር፤ የሙዚቃውን ሥራ ብቻ ሌላ ሰው አገዘው።