የልጅ አፍ መፍታት በምን ይለካል?

ለመሆኑ አንድ ሕፃን «ንግግሩ ዘግይቷል» የሚባለው በየትኛው ቋንቋ ሚዛን ነው? ጥያቄውን ያነሳብኝ የእህቴ ልጅ ነው። 2 ዓመት ከ3 ወር ሲሆነው አዲስ አበባ ውስጥ ባለሙያ ዘንድ ቀርቦ ሥዕል እያየ ስም እንዲጠራ ተጠየቀ። አብዛኞቹን ዕቃዎች በቤቱ አይቷቸው አያውቅምና ዝም አለ። «ከዕድሜው በታች ነው» ተባለ።

ለበዓል ታች ጋይንት፣ አርብ ገበያ ወላጆቻችን ዘንድ ስንሄድ ግን አባታችን «እስቲ ከዳቦህ ቁረስልኝ» ቢሉት «አልሰጥህም!» ብሎ ቤቱን በሳቅ ሞላው።

«አልሰጥህም» በቁጥር አንድ ቃል ናት። ውስጧ ግን እምቢታው፣ ሰጪው፣ ተቀባዩና ድርጊቱ አሉ፤ በእንግሊዝኛ 5 ያህል ቃላት ይፈጃል። ስለዚህ «በ2 ዓመቱ ሁለት ቃል ያጣምራል» የሚለውን መለኪያ እንዳለ ብንወስድ አማርኛ ተናጋሪውን ልጅ እንበድላለን። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ሊቅ ሮጀር ብራውን እ.ኤ.አ. በ1973 ባሳተመው ሥራ የሕፃናትን ንግግር ርዝመት የለካው በቃላት ሳይሆን በምዕላዶች ቁጥር ነበር። ለአማርኛ የሚበጀውም ይኸው ነው።

የቃላት መዝገብም ዝም ብሎ አይተረጎምም። አማርኛ አፉን የሚፈታ ልጅ «መጣ» እና «ና» የሚሉትን በመልክ የማይገናኙ ቃላት ለየብቻ ይማራል፤ የእንግሊዝኛው ዝርዝር የሚቆጥረው አንድ ግስ ብቻ ነው።

በተግባር ሁለት መንገዶች ይታወቃሉ። አንደኛው ወላጅን መጠየቅ ነው። ማክአርተር-ቤትስ የተሰኘው መጠይቅ በኬንያ፣ ኪሊፊ ለኪስዋሂሊና ለኪጊርያማ ሲዘጋጅ፣ ማንበብ ለማይችሉ እናቶች በቃል እንዲቀርብ ተደርጓል። ለገጠራችን የሚስማማው ይህ ነው። ሁለተኛው ልጁን ራሱን መፈተን ነው። የማላዊ የሕፃናት ዕድገት መመዘኛ (2010 እ.ኤ.አ.) የተሠራው ለገጠር ልጆች ታስቦ ነው። በአገራችንም 125 ጥያቄዎች ያሉት ዴንቨር 2 የተባለው የአሜሪካ መመዘኛ ለጅማ ልጆች ተስማምቶ፣ ጥናቱ በ2016 እ.ኤ.አ. ታትሟል። ንግግር ከአራቱ የመመዘኛው ክፍሎች አንዱ ነው።

ይህ ሲባል ግን ሚዛኑ ልክ አይደለም ብሎ ልጁን መተው አይደለም። ጎረቤት «ወንድ ልጅ አፉን ዘግይቶ ነው የሚፈታው» እያለ ሲያጽናና ጆሮው የማይሰማ ልጅ ሳይታወቅ ዓመታት ሊያልፉ ይችላሉ። ስለሆነም ወላጅ ሦስት ነገሮችን ይጠይቅ፦ ልጄ ጆሮው ተመርምሯል ወይ? የተፈተነው ቤት ውስጥ በሚሰማው ቋንቋ ነው ወይ? የሚወዳደረውስ ከየት አገር ልጆች ጋር ነው?

እህቴንም የመከርኳት ይህንኑ ነው፤ መጀመሪያ የጆሮ ምርመራ፣ ከዚያ ሌላው።