ስኳሩ «በቁጥጥር ሥር ውሏል»

በአማርኛ ዜና «በቁጥጥር ሥር ዋለ» ሲባል የምንረዳው አንድ ነገር ነው፤ ሰው ታስሯል። በአሜሪካ የአካል ጉዳት ድጎማ ታሪክ ውስጥ ግን ይኸው አባባል ሌላ ሥራ አለው። የስኳር ሕመም ያለበት ሰው ድጎማ ሲከለከል ወይም ሲቋረጥበት የሚሰጠው ምክንያት ሊሆን ይችላል፤ «ሕመምዎ በቁጥጥር ሥር ነው»። በቨርጂኒያና በሜሪላንድ ልጅ የሚያሳድጉ ወገኖቻችን ብዙ ናቸውና፣ የዚህን አባባል ታሪክ ዛሬ እንጨዋወት። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከቨርጂኒያ የተነሳ ክርክር

ጆርጅ ኤልድሪጅ የቨርጂኒያ ሰው ነው። በ1968 ሥር በሰደደ ጭንቀትና በወገብ ጉዳት ምክንያት ከሶሻል ሴኩሪቲ የአካል ጉዳት ክፍያ ተፈቀደለት። በኋላ ስኳርም ተገኘበት። በ1972 ግን ክፍያው ሊቋረጥ መሆኑ ተነገረው። ከተሰጡት ምክንያቶች አንዱ ስኳሩ በቁጥጥር ሥር መሆኑ ነበር። ኤልድሪጅ በጽሑፍ መልስ ሰጠ፤ ወገቤን በትክክል አልተረዳችሁትም፣ ስለ እኔ የሚበቃ ማስረጃ መዝገባችሁ ውስጥ አለ አለ። ክፍያው ተቋረጠ።

እሱም ፍርድ ቤት ሄደ። ጥያቄው ቀላል ነበር፤ ገንዘቡን ከማቋረጣችሁ በፊት ፊት ለፊት ልትሰሙኝ አይገባም ወይ? የታችኞቹ ፍርድ ቤቶች ፈረዱለት። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ግን በየካቲት 1976 በ6 ለ2 ድምፅ ውሳኔውን ሻረው። የሕክምና ጉዳይ በአብዛኛው የሚወሰነው በሐኪሞች የጽሑፍ ሪፖርት ስለሆነ፣ የቃል ክርክሩ ክፍያው ከተቋረጠ በኋላ ቢሆንም ይበቃል አለ። በልዩነት የቆሙት ዳኛ ብሬናን ክፍያው መቋረጡ ምን እንዳስከተለ አስታወሱ። የኤልድሪጅ ቤት በዕዳ ተወስዷል፣ የቤት ዕቃው ተነጥቋል፣ ባልና ሚስት ከነልጆቻቸው በአንድ አልጋ ላይ ለመተኛት ተገደዋል።

ከዚህ ፍርድ ሁለት ነገር እንይዛለን። አንደኛ፣ ፍርድ ቤቱ ሲፈርድበት እንኳ ክፍያው ሕገ መንግሥቱ የሚጠብቀው ጥቅም መሆኑን ተቀብሏል። ስለዚህ ይግባኝ ማለት በእኛ አገር እንደምናውቀው ዓይነት ደጅ ጥናት አይደለም፤ መብት ነው። ሁለተኛ፣ መጀመሪያ የሚናገረው ወረቀቱ ነው፤ የባለጉዳዩ አፍ የሚከፈተው በኋላ ነው።

ቁጥጥሩ ስንት ያስከፍላል?

ኢንሱሊን ከመገኘቱ በፊት ይህ ክርክር ሊኖር አይችልም ነበር፤ ዓይነት አንድ ስኳር የያዘው ልጅ ብዙም አይቆይም። ጥር 11 ቀን 1922 ቶሮንቶ ውስጥ የ14 ዓመቱ ሊዮናርድ ቶምሰን የመጀመሪያውን መርፌ ተወጋ። በዚያው ወር በተሻለ በተጣራ መድኃኒት ስኳሩ ወረደለት፤ ከዚያ በኋላ 13 ዓመት ያህል ኖረ። ሞት ተሸነፈ፣ በቦታው የዕድሜ ልክ ሥራ ተተካ። መለካት፣ መመጠን፣ መውጋት፣ ምግቡን መቁጠር፣ ሌሊት መነሳት የየቀኑ ኑሮ ሆነ።

በ1993 የወጣ አንድ ትልቅ ጥናት ነገሩን በቁጥር አሳየ። በ1,441 ሰዎች ላይ የተደረገ ሲሆን፣ ጥብቅ ቁጥጥር የዓይን ጉዳት የመጀመር አደጋን በ76 በመቶ እንደቀነሰ ተገኘ። እሰየው ነው። ነገር ግን በጥብቅ ቁጥጥር ላይ የነበሩት ስኳራቸው ክፉኛ ወርዶ የሌላ ሰው እርዳታ የሚያስፈልጋቸው ጊዜ በሦስት እጥፍ ገደማ በልጦ ነበር። ቁጥጥር ማለት እንግዲህ እረፍት ማለት አይደለም። ልጁ ደህና የሚመስለው አንድ ሰው ስለማይተኛ ነው። በቁጥጥር ሥር የዋለውስ ስኳሩ ነው ወይስ እናትየዋ?

የልጆቹ ተራ

ድሃ ለሆኑ አካል ጉዳተኞችና አረጋውያን የተቋቋመው ኤስ.ኤስ.አይ. የተባለው ድጎማ በ1972 ታውጆ በጥር 1974 ሥራ ጀመረ። ልጆችንም አቀፈ። ችግሩ ሕመሙ በመንግሥት ዝርዝር ውስጥ ያልተገኘ አዋቂ «ታዲያ ምን ሥራ መሥራት ይችላል?» የሚል ሁለተኛ ምርመራ ሲደረግለት፣ ልጅ ግን ሥራ ስለሌለው በዝርዝሩ ካልተገኘ በቃ መባሉ ነበር። ብራያን ዜብሊ በተባለ ልጅ ስም የቀረበው ክስ ይህን አሠራር በየካቲት 1990 በ7 ለ2 አስወገደው። ከዚያ ወዲህ ልጁ በየዕለት ኑሮው ምን መሥራት እንደሚችል መታየት አለበት ተባለ።

ድሉ ሳይሸራረፍ የቆየው ስድስት ዓመት ነው። ነሐሴ 22 ቀን 1996 ፕሬዚዳንት ክሊንተን የፈረሙት ሕግ የልጆችን መለኪያ አጠበቀ፤ ድጎማ የሚያገኝ ልጅም 18 ዓመት ሲሞላው በአዋቂ መለኪያ እንደገና እንዲመረመር አዘዘ። በ2011 ደግሞ ስኳር ራሱን ችሎ ከአዋቂዎች ዝርዝር ወጣ። ለልጆች የቀረው በየቀኑ ኢንሱሊን የሚያስፈልገው ከስድስት ዓመት በታች የሆነ ልጅ ብቻ ነው። ስድስት ሲሞላው መርፌውም ያው ነው፣ ስኳሩም ያው ነው፤ የማስረዳት ሸክሙ ግን ወደ ወላጅ ይዞራል።

ሆኖም በሩ ጨርሶ አልተዘጋም። ልጁ በስድስት የኑሮ ዘርፎች ይመዘናል፤ ራስን መንከባከብና ጤንነት ከነዚህ ውስጥ ናቸው። በሁለቱ ጉልህ፣ ወይም በአንዱ እጅግ የከፋ ችግር ካለበት ያልፋል። ደንቡ ከዚህም አልፎ ከስድስት ዓመት በላይ የሆነ ልጅ በሕይወት ለመቆየት ኢንሱሊኑን፣ ምግቡንና እንቅስቃሴውን 24 ሰዓት የሚከታተል አዋቂ በሕክምና ምክንያት የሚያስፈልገው ከሆነ መለኪያውን እንደሚያሟላ በግልጽ ይናገራል።

«ደህና ነው፣ ተመስገን»

አሁን ወደ ራሳችን እንምጣ። ሐኪሙ «ልጁ እንዴት ነው?» ሲል አበሻ እናት ምን ብላ ትመልሳለች? «ደህና ነው፣ እግዚአብሔር ይመስገን።» ሌሊት ሦስት ጊዜ ተነስታ የልጇን ጣት ወግታ ያደረች እናት ናት ይህን የምትለው። ለእኛ ጨዋነትና ምስጋና ነው። መዝገቡ ላይ ግን «በቁጥጥር ሥር» ሆኖ ሊጻፍ ይችላል፤ ኤልድሪጅን የጎዳውም ይኸው ቃል ነው።

ስለዚህ ይግባኙ ከደብዳቤው በፊት ይጀምራል። የሌሊቱ ልኬት ይመዝገብ፣ ልጁ ራሱን የሳተበት ቀን ይጻፍ፣ የትምህርት ቤቷ ነርስና አስተማሪው ያዩትን በወረቀት ይስጡ። ደብዳቤው ከደረሰ በኋላ ይግባኝ ለማለት 60 ቀን አለ። መጀመሪያ እንደገና ይታይልኝ፣ ቀጥሎ በዳኛ ፊት መቅረብ፣ ከዚያ የይግባኝ ምክር ቤት፣ በመጨረሻ የፌዴራል ፍርድ ቤት። አስተርጓሚ በነፃ ይሰጣል። ሲከፈል የቆየ ድጎማ የተቋረጠበት፣ ለምሳሌ 18 የሞላው ወጣት፣ በ10 ቀን ውስጥ ከጠየቀ ክፍያው ይግባኙ እስኪታይ ሊቀጥል ይችላል፤ ከተሸነፈ ግን መልስ ሊባል እንደሚችል ይወቅ። ከሁሉ በፊት ደብዳቤው በደንብ ይነበብ። የተከለከለው በቤተሰቡ ገቢ ወይም ንብረት ምክንያት ከሆነ የሐኪም ወረቀት ብቻውን አይረዳም።

አባቶቻችን «ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል» ይላሉ። እኛም ለዚያች እናት የምንላት ይህንኑ ነው። ምስጋናው ለፈጣሪ ይሁን፤ ለሐኪሙ ግን ሌሊቱ እንዴት እንዳለፈ ይነገረው።