የደባርቅ ከፍታና የቡና ማሽን ቱቦ

ደባርቅ ከጎንደር ተነሥቶ ዳባትን አልፎ ወደ ሊማሊሞ ቁልቁለት በሚወርደው መንገድ ላይ፣ ከባሕር ወለል በላይ 2,850 ሜትር ገደማ የተቆረቆረች ከተማ በመሆኗ፣ በጀበና የተጣደ ውሃ 100 ዲግሪ ሳይደርስ፣ በ90 ዲግሪ ገደማ ይፈላባታል። የቡና ማሽን ግን ውሃውን ቦይለር በሚባል ዝግ ዕቃ አፍኖ ስለሚያሞቀው፣ በዚሁ ከፍታ 115 ዲግሪ ገደማ ያደርሰዋል።

ሉዊጂ ቤዜራ እ.ኤ.አ. በ1901 ሚላኖ ላይ የፈጠራ መብት ያስመዘገበበት ማሽን ቡናውን የሚገፋው በእንፋሎት ነበር። አኪሌ ጋጃ በ1940ዎቹ ማብቂያ የእጅ ማንሻን፣ ፋኤማ የተባለው ኩባንያ ደግሞ በ1961 የኤሌክትሪክ ፓምፕን አመጡ። ውሃ ስቦ ለሚገፋ ፓምፕ፣ ውሃውን ጣዕሙን ሳይለውጥ የሚያደርስለት ለስላሳ ቱቦ ያስፈልገዋል፤ ለዚህም እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ ለገበያ የበቃው ሲሊኮን ተስማሚ ሆኖ ተገኘ። ሲሊኮን፣ ከአሸዋ የሚገኘው ሲሊከንና ኦክስጅን እየተፈራረቁ በሚሠሩት ሰንሰለት የተገነባ ጎማ መሰል ቁስ ሲሆን፣ እስከ 200 ዲግሪ ሙቀት ይችላል፤ በስሜን ተራሮች ውርጭም እንደለሰለሰ ያድራል።

ይህ ቱቦ የሚገባበትን ቦታ መለየት ግን ግድ ነው። ከፓምፑ ወዲያ ያለው ውሃ በ9 ባር፣ ማለትም በባሕር ወለል ካለው የአየር ግፊት 9 እጥፍ በሚጠጋ ኃይል ስለሚሄድ፣ የመዳብ ቧንቧ ወይም በብረት ሽቦ የተጠለፈ ቱቦ እንጂ ተራ የሲሊኮን ቱቦ አይችለውም። የሲሊኮን ቱቦ ድርሻ ከፓምፑ በፊትና በፍሳሹ በኩል ነው። ፓምፕ ከጀሪካን ውሃ ይስባል ሲባል፣ በእርግጥ ውሃውን ወደ ላይ የሚገፋው የአካባቢው አየር ነው፤ የደባርቅ አየር ግፊት ደግሞ ከባሕር ወለሉ 10 እጅ 7ቱን ብቻ ያህላል። ስለዚህ ጀሪካኑን ከማሽኑ እጅግ ዝቅ አድርጎ ማስቀመጥ እዚህ ከቆላው ይልቅ ፓምፑን ያደክማል፤ ግድግዳው የሳሳ ቱቦም ከታጠፈበት ላይ ተጣብቆ ውሃውን ሲዘጋ፣ ፓምፑ ባዶውን እየጮኸ ይግላል። ቱቦው አጭር፣ ግድግዳው ወፍራም፣ አካሄዱም ያልተጣመመ ሊሆን ይገባል።

ወተትን በቱቦ የሚስብ ማሽን ያለው ካፌ ደግሞ ሌላም ጥንቃቄ አለበት። እንደ ረቡዕ ባለ የጾም ዕለት ማኪያቶ ጠያቂው ስለሚያንስ፣ ማክሰኞ ማታ ሳይታጠብ የቀረ ቱቦ እስከ ሐሙስ ጠዋት ወተቱን በሆዱ ይዞ ይቆያል። ሲሊኮኑ ራሱ ባይበላሽም፣ በውስጡ የደረቀው ወተት ኮምጥጦ የሐሙሱን የመጀመሪያ ስኒ ያበላሻል።