የክርስትና ጨርቅና የሎላርዶች ግንብ

«የፈረንጅ ታሪክ ለእኛ ምናችን ነው?» የሚሉን ወገኖች በሰፈራችን አሉ። ጥያቄያቸው ተገቢ ነው። ሆኖም በዚህ እትም የመረጥነው የነገሥታትን ጦርነት አይደለም፤ አንድ ነጋዴ በእስር ቤት ተሰቅሎ ስለ መገኘቱና፣ ሬሳውን ያዩ የከተማ ሰዎች «ራሱን አልገደለም» ስለ ማለታቸው ነው። ዘመኑ 16ኛው ምዕተ ዓመት፣ ቦታው ለንደን ነው። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ሰውየው ሪቻርድ ሃን ይባላል፤ የልብስ ነጋዴዎች ማኅበር አባልና ደኅና ሀብት ያለው ሰው ነበር። በመጋቢት 1511 የአምስት ሳምንት ልጁ ስቲቨን ሞተበት። በዚያ አገር ልማድ ሬሳ የሚቀብር ካህን ከሟች ንብረት አንድ ነገር በግብር ይወስድ ነበር። የኋይትቻፕል ቅድስት ማርያም ደብር አለቃ ቶማስ ድራይፊልድ የጠየቁት ሕፃኑ ክርስትና ሲነሣ የተጠቀለለበትን ጨርቅ ነው። ሃን እምቢ አለ። ግብሩ ከሟች ንብረት የሚወሰድ ከሆነ የአምስት ሳምንት ሕፃን ምን ንብረት አለው? ጨርቁ የአባትየው እንጂ የሕፃኑ አይደለም ሲል ተከራከረ።

ጨርቁን ሰጥቶ መገላገል አያቅተውም ነበር። እንግዲህ የከፈን ማዋጫ ሲዞር ያየ የሰፈራችን ሰው፣ በሐዘን ቀን ጨርቅ የሚጠየቅ አባት ምን እንደሚሰማው ከእኛ አይማርም፤ ነገር ግን ሃንን ያናደደው ሐዘኑ ብቻ ይሁን ወይስ ከካህናቱ ጋር የቆየ ቂም ኖሮት፣ ከመዝገቡ አይታወቅም።

በ1512 ነገሩ በካንተርበሪ ሊቀ ጳጳስ ፍርድ ቤት ቀርቦ ዳኛው ከትበርት ተንስታል ለካህኑ ፈረዱ። በዚያው ዓመት በታኅሣሥ ሃን ለሠርክ ጸሎት ወደ ደብሩ ቢሄድ፣ የደብሩ ቄስ እርሱን ሲያዩ ጸሎቱን አቋርጠው «አንተ የተወገዝህ ነህ፤ ካልወጣህ አልቀጥልም» አሉት። የተወገዘ ነጋዴ ዱቤ የሚሰጠው የለም። ስለዚህ ሃን በ1513 በንጉሡ ፍርድ ቤት ሁለት ክስ መሠረተ። አንዱ የስም ማጥፋት ነው። ሁለተኛው ግን ከባድ ነበር፤ የቤተ ክህነቱ ችሎት በሮም ፖፕ ሥልጣን እየዳኘ የንጉሡን ሥልጣን ተጋፍቷል የሚል፣ ፕሬሙኒሬ በተባለ አሮጌ ሕግ የቀረበ ክስ ነው። ስለ አንዲት ጨርቅ የተጀመረ ነገር ዳኛውንም ጭምር ከሳሽ ፊት አቆመ።

መልሱ በጥቅምት 1514 መጣ። የለንደኑ ጳጳስ ሪቻርድ ፊትዝጄምስ ሃንን በመናፍቅነት አስያዙት። ከ1409 ወዲህ ያለ ጳጳስ ፈቃድ መጽሐፍ ቅዱስን ወደ እንግሊዝኛ መተርጎምም ሆነ እንዲህ ያለውን ማንበብ ክልክል ነበር፤ በሃን ቤት ግን የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ቅዱስ ተገኘ። የጆን ዊክሊፍ ተከታዮች ሎላርዶች ይባሉ ስለ ነበር፣ የታሰረበትም በቅዱስ ጳውሎስ ካቴድራል ያለው እስር ቤት የሎላርዶች ግንብ ይባል ነበር። ታኅሣሥ 2 ቀን ጳጳሱ መረመሩት። ታኅሣሥ 4 ቀን ጧት ተሰቅሎ ተገኘ።

ቤተ ክህነቱ ራሱን ገደለ አለ። በእንግሊዝ ሕግ ግን በእንዲህ ያለ ሞት የንጉሡ አስከሬን መርማሪ ከከተማው ሰዎች ጋር ሬሳውን ማየት አለበት። የአገራችንን አውጫጭ የሚያስታውስ አንባቢ አይሳሳትም፤ ልዩነቱ እነዚህ «ወፍ»ን ሳይሆን ሬሳውንና ክፍሉን መጠየቃቸው ነው። መርማሪው ቶማስ ባርንዌል ሃያ አራት ሰዎች ይዞ ወጣ።

ያዩት ይህን ነው። ሃን በራሱ የሐር መቀነት ከብረት ተንጠልጥሏል። ፊቱ የረጋ፣ ዓይኑና አፉ የተከደኑ፣ ጠጉሩ የተበጠረ፣ ቆቡም በደንብ የተቀመጠ ነበር። ታንቆ የሞተ ሰው እንዲህ አይሆንም አሉ። ከመቀነቱ ሥር የአንገቱ ቆዳ ተልጧል፤ የእጅ አንጓዎቹ የታሰሩ መሆናቸው ያስታውቃል። ሊቆምበት ይችል የነበረው በርጩማ በአልጋው ትራስ ላይ የተቀመጠ ነው፤ ቢረግጡት የሚከዳ። ከሁሉም በላይ ብዙው ደም የተገኘው ከተሰቀለበት ርቆ፣ ከእግር ግንዱ በስተኋላ ባለው ጥግ ነው። ሻማውም ከሬሳው ሰባት ስምንት ጫማ ያህል ርቆ ጠፍቶ ተገኘ። ታዲያ ማን አጠፋው? እኛ በበኩላችን ከሁሉ የሚያሳምነን ይህ ሻማ ነው፤ በጨለማ ተራምዶ፣ በሚወላውል በርጩማ ወጥቶ፣ ቆቡን ሳያዛባ ራሱን የሚሰቅል ሰው አይታየንም።

መጥሪያ አድራሹ ቻርልስ ጆሴፍ ሸሽቶ ከተያዘ በኋላ፣ ከጳጳሱ ወኪል ዶክተር ዊልያም ሆርሲና ከደወል ደዋዩ ጆን ስፖልዲንግ ጋር ሆነን ገደልነው ብሎ አመነ። የታሰረ ሰው ቃል ስለሆነ ብቻውን አንታመንበትም። ሦስቱም በነፍስ ግድያ ተከሰሱ።

በዚህ መካከል ጳጳሱ በሟቹ ላይ ችሎት ዘርግተው ታኅሣሥ 16 ቀን መናፍቅ ነው ብለው ፈረዱ፤ ሬሳውም ታኅሣሥ 20 ቀን በስሚዝፊልድ ተቃጠለ። ይህ ለቁጣ ብቻ የተደረገ አይመስለንም። በመናፍቅነት የተፈረደበት ሰው ሀብቱ ይወረሳል፤ ራሱን የገደለም እንዲሁ። የተገደለ ሰው ሀብት ግን ለልጆቹ ነው።

ፊትዝጄምስ ለካርዲናል ወልዚ ሲጽፉ፣ ወኪላቸው እንደ አቤል ንጹሕ ቢሆን እንኳ የለንደን ሰዎች መናፍቃንን ስለሚያደሉ ይፈርዱበታል አሉ። ምሳሌው ግን አልሰመረላቸውም፤ አቤል ተገዳዩ ነው። ያም ሆነ ይህ ደብዳቤው ሠራ። በ1515 ሆርሲ አልገደልሁም ሲል የንጉሡ ዐቃቤ ሕግ እንዳይከራከር ታዘዘና ነገሩ ተዘጋ፤ ሆርሲ ወደ ኤክሰተር ሄደ። ሀብቱ ለልጆቹ እንዲመለስ የሚል ረቂቅ የሕዝብ ተወካዮች ሲቀበሉት መኳንንቱና ጳጳሳቱ ጣሉት።

በ1529 ቶማስ ሞር ሃን ራሱን ገድሏል ብለው ጻፉ። ምስክር ነኝ ባዩ ከሌላ፣ ያም ከሌላ ሰማሁ እያለ፣ መጨረሻው ባሕር ተሻግራ የሄደች ጠንቋይ ሆነች ብለው አፌዙ። ስለ ወሬኞቹ እውነታቸውን ነው። ሞር ግን ስለ ደሙና ስለ በርጩማው አጥጋቢ መልስ አልሰጡም። በ1563 ጆን ፎክስ በበኩሉ ሃንን ከሰማዕታት ቆጠረው፤ ለእርሱ ደግሞ ጥርጣሬ የሚባል ነገር የለም።

ሞር ያን መጽሐፍ ባሳተሙበት በ1529 ፓርላማው ስለ ቀብር ግብር ሕግ አወጣ፤ መጠኑን ወሰነ፤ ከሕፃን ሬሳም ምንም እንዳይጠየቅ ከለከለ።