ስለ ሲንተሳይዘር የውስጥ ትእዛዝና ስለ ወሎ ቅኝቶች

ከደሴ በስተሰሜን አምባሰል፣ ከኮምቦልቻ በስተምሥራቅ ባቲ ይገኛሉ። እነዚህ የአገር ስሞች ከአራቱ ታዋቂ የኢትዮጵያ ቅኝቶች የሁለቱ መጠሪያዎች ናቸው፤ የቀሩት ሁለቱ ትዝታና አንቺ ሆዬ ይባላሉ። ስለዚህ በወሎ ምድር የሚማር ሰው የሙዚቃ መሣሪያዎችን ታሪክ ሲመረምር አንድ ጥያቄ ሳያነሣ ሊያልፍ አይገባውም፤ ይኸውም ሲንተሳይዘር ወደ አገራችን ሲገባ የማንን ቅኝት ይዞ ገባ? የሚለው ነው። በዚህ አጭር ጽሑፍ ለማስረዳት የምንሞክረው፣ የዚህ መሣሪያ ቅኝት በውስጡ ከተጻፈው ትእዛዝ የሚመነጭ መሆኑን፣ ሰው የጻፈውንም ሰው ሊያርመው እንደሚችል ነው። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

በመጀመሪያ ልዩነቱን እንመልከት። መሰንቆ ከፈረስ ጭራ የተሠራ አንድ አውታር ብቻ ያለው መሣሪያ ነው፤ የድምፁን ከፍታ የሚወስነውም የአዝማሪው ጣት ነው። ክራርም ቢሆን የሚቃኘው በተጫዋቹ ጆሮ ነው። የአውሮፓ ኪቦርድ ግን አንዱን ኦክታቭ በ12 እኩል ክፍል ይከፍለዋል፤ እያንዳንዱ ክፍል 100 ሴንት ስለሚሆን ኦክታቩ 1200 ሴንት ይሆናል። በተፈጥሮ የድምፅ ሕግ 5 ለ 4 በሆነ ንጽጽር የሚገኘው ሦስተኛ ድምፅ 386 ሴንት ያህል ሲሆን፣ በኪቦርዱ ላይ ግን 400 ነው። ባቲ በአውሮፓ ኖታ ሲጻፍ ዶ፣ ሚ፣ ፋ፣ ሶል፣ ሲ ይሆናል፤ አምባሰል ደግሞ ዶ፣ ዝቅ ያለ ሬ፣ ፋ፣ ሶል፣ ዝቅ ያለ ላ ተብሎ ይጻፋል። ኖታው የድምፆቹን ስም ይነግረናል እንጂ፣ አዝማሪው ያንን ዝቅ ያለ ሬ በትክክል የት ላይ እንደሚያኖረው አይነግረንም።

አሁን ወደ መሣሪያው ታሪክ እንግባ። በ1978 በአሜሪካ የወጣው ፕሮፌት 5 የተባለው ሲንተሳይዘር ዜድ 80 በሚባል ማይክሮፕሮሰሰር የሚመራ ነበር። ማይክሮፕሮሰሰሩ የሚያነበው ቋሚ ትእዛዝ ፈርምዌር ይባላል። በ1980 የወጣው ሦስተኛው የፕሮፌት 5 አሠራር ተጫዋቹ 12ቱን ድምፆች እያንዳንዳቸውን ለየብቻ እንዲቃኝ ፈቀደ። ከዚህ የምንረዳው እኩል ክፍፍል የመሣሪያው ተፈጥሮ ሳይሆን የሠሪው ምርጫ መሆኑን ነው።

በ1983 የጃፓኑ ያማሃ ኩባንያ ዲኤክስ 7ን አወጣ። የድምፁ አሠራር ጆን ቻውኒንግ በ1967 በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ባገኘው የኤፍ ኤም ዘዴ ላይ የተመሠረተ ነው። መሣሪያው 16 ድምፅ ባንድ ጊዜ ያሰማ ነበር፤ ነገር ግን ቅኝቱ ከእኩል ክፍፍል አይወጣም ነበር። ፈርምዌሩ የተጻፈው ኢፕሮም በሚባል ቺፕ ላይ ነው። ኢፕሮም በአልትራቫዮሌት ብርሃን ተደምስሶ እንደገና ይጻፍበታል። ስለዚህ የመሣሪያውን ክዳን ከፍቶ አንዱን ቺፕ ነቅሎ ሌላ መትከል ይቻላል። ግሬይ ማተር ሪስፖንስ የተባለ የአሜሪካ ድርጅት በ1980ዎቹ ለዚሁ መሣሪያ ተጨማሪ ሰሌዳ ሠርቶ ማስታወሻውን አሰፋለት፤ ከፋብሪካው ያልነበሩ ተግባሮችንም ጨመረለት። ያማሃም ራሱ በተከታዩ ዲኤክስ 7 2ኛ ላይ ኦክታቩን እስከ 1024 ደረጃ ከፍሎ መቃኘት እንዲቻል አደረገ። በ1992 ደግሞ የሚዲ የቅኝት ስምምነት ጸድቆ፣ አንድን ቅኝት ከመሣሪያ ወደ መሣሪያ በቁጥር ለማስተላለፍ የጋራ ደንብ ተገኘ።

በኢትዮጵያ ታሪክ ይህ ነገር የሚኖረው ክብደት ቀላል አይደለም። ከ1974 አብዮት በኋላ በሰዓት እላፊ ምክንያት የሌሊቱ ሙዚቃ ጠበበ፤ ከጊዜ በኋላም ብዙ ሰው ያለበት ባንድ ይሠራው የነበረውን ሥራ አንድ ኪቦርድ ተጫዋች ብቻውን ይሠራው ጀመር። የዋልያስ ባንድ ባልደረባ የነበሩት ኃይሉ መርጊያ በ1985 በዋሺንግተን አኮርዲዮንን ከሲንተሳይዘር ጋር አዋሕደው የቀዱት ሥራ በ2013 እንደገና ታትሞ በዓለም ተሰምቷል። ሙላቱ አስታጥቄም በአሜሪካ በነበሩበት ጊዜ ክራርን ለማሻሻል በተደረገው ጥረት ተካፍለዋል። እነዚህ ሰዎች መሣሪያውን ለአገር ዜማ አገልጋይ አድርገውታል። ነገር ግን በሠርግ ቤት ከኪቦርድ ሌላ የማይሰማ ልጅ፣ የማሪቱ ለገሠን አምባሰል ሲሰማ የድምፃዊቷን ረቂቅ ስፍራ ከቁልፉ ስለሚለይ ብቻ እንደ ስሕተት ሊቈጥረው ይችላል። ጆሮ የሚለምደውን እንደ ሕግ ይይዛልና።

እንግዲህ ፈርምዌሩን ማረም ብቻውን መድኃኒት ነውን? አይደለም። ሁለት እንቅፋቶች አሉ። አንደኛው፣ 1024 ደረጃ ያለው መሣሪያ እንኳ አምባሰል የት ላይ እንደሆነ አያውቅም፤ ቁጥሩን የሚሰጠው ሰው ነው። ሁለተኛው ይበልጥ ከባድ ነው፤ አንድ አዝማሪ የተጫወተውን ለክተን «አምባሰል ይህ ነው» ብለን በቺፕ ላይ ብንጽፈው፣ በአውሮፓው ልክ ፈንታ ሌላ ልክ አቆምን እንጂ የመሰንቆውን ነጻነት አልመለስንም። ስለዚህ ልኬቱ ከብዙ ተጫዋቾች መወሰድ አለበት፤ በመሣሪያው ውስጥ የሚገባውም ሠንጠረዥ አንድ ሳይሆን ብዙ መሆን ይገባዋል፤ ተጫዋቹም እንደ ዜማው ይምረጥ።

ይህ ሥራ ከአቅማችን በላይ አይደለም። የወሎ ዩኒቨርሲቲ በደሴ፣ የቴክኖሎጂ ተቋሙም በኮምቦልቻ ይገኛል፤ በመካከላቸው ያለው መንገድ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በደሴ ያሉት ተማሪዎች የመሰንቆና የክራር ተጫዋቾችን ድምፅ ቀድተው ሴንቱን ይለኩ። በኮምቦልቻ ያሉት ደግሞ ከአንድ አሮጌ መሣሪያ ፈርምዌሩን አንብበው ቅጂውን በጥንቃቄ ያስቀምጡ፤ የፋብሪካውንም ቺፕ ሳይደመስሱ አዲሱን ሠንጠረዥ በሌላ ቺፕ ላይ ይጻፉ። ከዚያ በኋላ መሣሪያው አዝማሪዎቹ ባሉበት ይሰማ፤ ልክ መሆኑንም ሆነ አለመሆኑን እነርሱ ይፍረዱ።